በመብረቆቹ ከበሮ ላይ ስንት ቀለም አለ

የኔሪዳ አባትና አጎት ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ቢጣሉማ ጥሩ ነበር። እነሱ የያዙት መከባበር ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ኮማስ በሚባለው ኮረብታማ ሰፈራቸው «መብረቆቹ» የሚባል የሮክ ባንድ ነበር። አባቷ ቴሎ ቤዝ ጊታር ይመታል፣ ታናሹ ዊልማን ጊታር ይዞ ይዘፍናል፣ ዶን ሶሲሞ ደግሞ ድራም ላይ ነው። የባንዱ ሕግ አንድ ብቻ፦ ወንድማማቾቹ ሲጣሉ፣ በክርክሩ መሃል ቀድሞ መሣሪያውን አንስቶ የጀመረው አሸናፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጫወቱት የእሱን ምርጫ ነው። ስለዚህ ፀጉራቸውን አስረዝመው በሮክ ጀመሩ፣ አንድ ሠርግ ላይ ተጣልተው ኩምቢያ ወደሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ዞሩ፣ ዊልማን ሳልሳ የምትደንስ ነርስ ሲወድ ሦስት ወር ሳልሳ፣ ነርሷ ስትተወው ተመልሰው ሮክ። ቴሎ ጌታን የተቀበለ ዓመት ደግሞ መዝሙር ብቻ። ዶን ሶሲሞ «በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ጠጥቼ አላውቅም» ይላል።

በየለውጡ የድራሙ ትልቁ ከበሮ ፊት ላይ የባንዱ ስም በአዲስ ቀለም ይጻፋል። የድሮውን ማን ቁጭ ብሎ ይፍቀው? በላዩ ላይ ነው። በመጨረሻ ከበሮው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ወፍሮ፣ ሲመታ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስል ነበር።

ኔሪዳ ትንሽ ሳለች ልምምድ ሲኖር ከበሮው ሥር ጋደም ብላ ያንን ቀለም በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። ከቀዩ ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ወርቃማ። አያቷ ኤውላሊያ በመስኮት ብቅ ብላ «ዝም በሉ እናንተ ሽፍቶች!» ትላለች፤ እግሯ ግን ከምቱ ጋር ወለሉን ይመታል። የዚያ እግር ድምፅ እስከ ዛሬ ከኔሪዳ ጆሮ አልወጣም።

አያቷ ስትሞት ወንድማማቾቹ ሳጥኗ አጠገብ ተከራከሩ። ዊልማን ከተራራው አገር ይዛው በመጣችው ዘፈን፣ በዋይኖ ትሸኝ አለ። ቴሎ ደግሞ በመጀመሪያው ሮካችን አለ። በሌላ ጊዜ አንዱ ዘልሎ ጊታሩን ያነሳ ነበር። የእናታቸው ሳጥን ፊት ግን ማን እጁን ይዘርጋ? ቄሱ ቸኮሉ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ የስንቱን ሰው ቀብር ያጀበ ባንድ የገዛ እናቱን በዝምታ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ ለመጣላት እንኳ አፈሩ። ከበሮው የዶሮ መኖ ማስቀመጫ ሆነ።

በአገሩ ወግ ሴት ልጅ አሥራ አምስት ሲሞላት እንደ ሠርግ ይደገስላታል። ኔሪዳ ተራዋ ሲደርስ ለድግሷ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። ቀሚስ አይደለም። ቀሚሱማ ከአክስቷ ልጅ የተዋሰችው ሮዝ ነገር ነው፣ ስትቀመጥ እንደ ድንኳን ይነሳል። የለመነችው መብረቆቹ እንዲጫወቱላት ነው።

«እኔ ችግር የለብኝም» አላት አባቷ። «እሳቸው ደስ ካላቸው...»

«እሳቸው? አባዬ፣ ንፍጡን እየጠረግክለት ያደገ ታናሽህ እኮ ነው!»

አጎቷ ጋ ሄደች። «አባትሽ ይወስኑ፣ ቀጮ» አላት።

እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ አዳራሽ ሞላ። ዶን ሶሲሞ መኖውን ደፍቶ ከበሮውንም ጊታሮቹንም አምጥቶ «ለጌጥ ነው» ብሎ ጥግ ላይ ደረደረ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ቢራ ጀመሩ፤ ለሁሉም አንድ ብርጭቆ፣ እንደ ወጉ። የቀዳ ሰው ጠርሙሱን ለጎኑ ያቀብላል፣ ለጤናህ ይላል፣ ጠጥቶ አረፋውን መሬት ላይ ያራግፋል። ኔሪዳ በወንድማማቾቹ መሃል የቆመውን ጎረቤት «ሚስትህ ትፈልግሃለች» ብላ አባረረችው። ጎን ለጎን ቀሩ።

«ለጤናዎ» አለ ቴሎ ጠርሙሱን እያቀበለ።

«ለእርስዎም» አለ ዊልማን።

«ምንድን ናችሁ? አምባሳደሮች?» አለ ዶን ሶሲሞ።

ኔሪዳ ያኔ ገባት። እነዚህን ሰዎች ማስታረቅ ዋጋ የለውም፤ ማጣላት ነው።

ቀጥሎ ዋልዝ ነበር፣ በወጉ ባለ ድግሷ ከአባቷ ጋር የምትደንሰው። ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ከመጥረጊያ ጋር የተለማመደችው እሱን ነው። ካሴቱ ሊከፈት ሲል ማይክሮፎኑን ነጠቀች።

«ይሄ ለአያቴ ነው። አያቴ ከዘፈን ሁሉ አብልጣ የምትወደው ዋልዝ ነበር።»

ዓይን ያወጣ ውሸት። አያቷ ዋልዝ ሲመጣ ሬዲዮ የምትዘጋ ሴት ነበረች።

«ማን አለሽ?» አለ አባቷ።

«እማዬ? ዋልዝ?» አለ አጎቷ። «ዋይኖ ነው እንጂ!»

«ምን ዋይኖ! ሮክ ነው! የመጀመሪያውን ዘፈናችንን ስትሰማ ድስቱ እስኪያር ነበር የምትቆመው!»

«ድስቱ ያረረው አንተ እሳቱን ስለረሳህ ነው፣ አንተ ደደብ!»

«ለአንዲት ነርስ ብሎ ባንድ የሸጠ ሰው እኔን ደደብ ይለኛል!»

«መዝሙር አስዘምረኸኛል! ዓመት ሙሉ!»

አሮጊቶቹ በክርን ተጎሻሸሙ። ዶን ሶሲሞ ኬክ አፉ ውስጥ እንዳለ ወደ ድራሙ ሮጠ፤ ያውቃላ! ወንድማማቾቹም እየተሰዳደቡ ተከተሉት። ዊልማን በአንድ እርምጃ ቀደመና ጊታሩን አንስቶ ዋይኖውን ጀመረ። ቴሎ ተራገመ። ከዚያ ቤዙን አንገቱ ላይ አጠለቀ።

ሁለት ምት እንደሄደ ቀና ብሎ ልጁን አያት። መሃል አዳራሹ ላይ በዚያ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ቆማለች።

«ዋልዛችንስ?» አላት።

ስምንት ዓመት መጥረጊያ።

«ተጫወት አባዬ፣ ዘገየህ» አለችው።

ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ አያቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ታደርግ እንደነበረው ወለሉን በተረከዟ መታችው። ከበሮው እንደ ድሮው በር አንኳኳ። ከፊቱ ላይ የቀለም ቅርፊት እየተነሳ ጫማዋ ላይ ወደቀ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወርቃማው።

«ቸኮልክ!» ጮኸ አባቷ።

«አንተ ነህ የተኛኸው!» ጮኸ አጎቷ።

ዘፈኑ ሳያልቅ ስለሚቀጥለው ተጣልተው ነበር።