እንግዳ ሳያስነሱ ቤት መጥረግ

ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍል ተኝቷል፤ ትኩሳቱ እሳት ሆኖ ያቃዠዋል። ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ ቆሟል፣ ግን አይወጋም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሆስፒታል አንድ መድኃኒት አልስማማው ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስሙን ጠየቀኝ። እኔ የመድኃኒት ስም ከየት አባቴ አውቄ? ፋይሉ ላይ ተጽፏል፣ ፋይሉ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ደርቆ ቀርቷል።

የወንድሜ ልጅ ምድር ቤት ነው የምትሠራው። የበሽተኛው ሁሉ ፋይል ያለበትን ሰርቨር የሚሉትን ማሽን ትጠብቃለች። በልታ እስክትጨርስ ሰው ሁሉ ስለሚነሳ ቤተሰቡ «ዔሊ» ይላታል። ሮጬ ወረድኩ። ክፍሉ ብርድ ብርድ ይላል፣ ጩኸቱ ወፍጮ ቤት ነው። አለቃዋ ላቡን ይጠርጋል። እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

ደሜ ፈላ። ጋሼሽ እየሞተ አንቺ ትቀመጫለሽ አልኳት። የኔ ቴሌቪዥን ሲያስቸግረኝ አጥፍቼ ነው የማበራው፤ ማጥፊያው ያ ይሆናል ብዬ እጄን ሰደድኩ። ቀልጠፍ ብላ ያዘችኝ። በሕይወቷ የፈጠነችው ያኔ ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ ካጠፋሽው ሲነሳ መጀመሪያ የጀመረውን ሁሉ ወደ ቦታው ይመልሳል። ከአሁኑም የባሰ ይዘገያል፣ እስከዚያ ለማንም በር አይከፍትም። ጋሼ ያን ያህል አይጠብቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት አለቃዋ የማሽኑ ቦታ ሊያልቅ ነው ብሎ የዓመታት አሮጌ የወረፋ መዝገብ በአንድ ትእዛዝ ይጥፋ አለ። እሷ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን ብትለው፣ አንቺን ጠብቄማ ዓመት ይሞላል ብሎ ራሱ ጀመረው። ማሽኑ የሚያጠፋውን ሁሉ ጨብጦ ይይዛል፤ መመለስ ቢያስፈልግ ብሎም ይጽፈዋል። ፋይል ለመክፈት ደግሞ በዚያው መዝገብ ማለፍ ግድ ነው። እሱ እስኪለቅ ሆስፒታሉ ሁሉ ደጅ ቆመ። እሷ ማጥፋቱን አስቁማዋለች፤ አሁን ያነሳውን እየመለሰ ነው።

ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ቀይ መስመሮች አሳየችኝ። እያንዳንዱ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዱ ባሌ ነው። ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ቀዩ ሁሉ ባንዴ እንደ ጉም በነነ።

ስልኩ ጮኸ። ፋይሉ ተከፍቷል፣ ሐኪሙ አይቶታል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ዔሊ ግን ወዲያው ማጥፋቱን እንደገና ልትጀምር ተነሳች። ባሌ ከዚህ ቤት ሳይወጣ ይህን ነገር አትነኪም አልኳት።

«ቦታው ከሞላ ምን እንደወጉት እንኳ የሚጻፍበት አይኖርም። ዝም ብለሽ እዪ።»

አየሁ። ጭብጥ ታክል አጠፋች፤ አንድ ሁለት ቀይ መስመር ብቅ አለ። ቆመች። ሰዎቹ አለፉ። ደግሞ ጭብጥ ታክል፣ ደግሞ ማረፍ። ደጁ ሲበዛ ጭብጡን ታሳንሰዋለች፣ ሲቀል ትጨምራለች። ያን የሚያህል ብረት በእሷ ልክ ይተነፍስ ጀመር። እዚያ የሚሄደው የስንት ዓመት ሰው ነው፤ በዚህ ሕንፃ ተጠርቶ የገባ ሁሉ፣ የሞተውም የዳነውም። ያ ሁሉ እየወጣ የሚገባውን በትከሻው እንኳ አይነካውም። ቤተ መቅደስ የቆምኩ ያህል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አሁንም እየጠፋ ነው ወይ አልኳት። «እየጠፋ ነው፤ ደጅ የቆመ ሰው ግን የለም» አለች።

ወደ ላይ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስም ይጠራል፣ ሰው ይነሳል፣ ፋይል ይከፈታል። ማንም ምንም አላወቀም። ነርሷ ከባለቤቴ ክንድ ላይ ጥጥ እያነሳች፣ መጀመሪያ የተዘጋጀው መርፌ ያው የማይስማማው እንደነበረ ነገረችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ተቀምጧል። አንሥታ ከቆሻሻው ጨመረችው።

ባለቤቴ ዓይኑን ገልጦ የት ጠፍተሽ ነው አለኝ።

«ታች» አልኩት፣ ብርድ ልብሱን እየሳብኩለት።