አሥረኛው ኩብ

ጓድ አንዳርጋቸው ወረቀት ሲያጥፍ አውራ ጣቱን ይልሳል። ከዚህ ልጀምር፤ የኔም ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ምራቅ ነውና።

ነሐሴ 1976 ነው። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ባሕር ዳር ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ አዳራሹን እንዲያስጌጥ ታዟል። የኛው ካድሬ አንዳርጋቸው አዲስ አበባ ሰንብቶ፣ ከኮሪያ ባለሙያዎች ተማርኩት ያለውን ጥበብ ይዞልን መጣ፤ ከስድስት ካሬ ወረቀት ያለ ሙጫና ያለ ክር የሚሠራ ኩብ። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ፣ በጠቅላላው አሥር ኩብ ከጣሪያው ይንጠለጠላል። ስልሳ ቀይ ወረቀት ከግምጃ ቤት በቁጥር ወጣ። አራት ሰዎች ተመደብን፤ እኔ ካርታ ነዳፊው አምሐ፣ ታይፒስቷ የሻሽወርቅ፣ ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች። አሥራ አምስት አሥራ አምስት ወረቀት ደረሰን።

«ሙጫ የለ፣ ክር የለ!» አለ አንዳርጋቸው የመጀመሪያውን እያጠፈ። «የአንዱን ምላስ ሌላው በኪሱ ይይዛል። ሰፊው ሕዝብ ማለት ይኸው ነው!» አለና ጣቱን ላሰ። ሦስቱ ከጎኑ ተደርድረው ተቀመጡ። እኔ ያ እርጥብ ጣት እንዳይነካኝ ብዬ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ወረቀቱ ለሁለት ታጥፎ ይዘረጋል፤ ሁለቱ ጠርዞች ወደ መካከሉ ይመጣሉ፤ ከዚያ ሁለት ማዕዘኖች ታጥፈው ውስጥ ይወሸቃሉ። በመጨረሻ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ፣ ሁለት ምላስና ሁለት ኪስ ያለው እጥፋት ይወጣል። እኔ ፊት ለፊት ሆኜ ያየሁትን ስለቀዳሁ የኔዎቹ በሙሉ በተቃራኒው ዘመሙ። መስተዋት ውስጥ እንዳለ ሰው ማለት ነው። ይህን ያወቅኩት አሥራ አምስቱንም ጨርሼ ከየሻሽወርቅ እጥፋት ጎን ሳስቀምጣቸው ነው። ሃያ ዓመት ካርታ የነደፈ ሰው! የኔ ምላስ የሌሎቹ ኪስ ውስጥ አይገባም። «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። አንዳርጋቸው ፊት ቆሜ ይህን ቃል ማውጣት ቀፈፈኝ። ከክምሩ ጋር ቀላቅያቸው ቤቴ ሄድኩ።

መገጣጠሙ ለየሻሽወርቅ ተሰጠ። ልጅቷ የማክሰኝት ሰው ናት፤ እናቷ እዚያ በጠና ታመዋል። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለይለፉ ደግሞ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ። አንዳርጋቸው «ኩቦቹ ሲያልቁ» ብሎ ይዞባታል። እሷም ሁለት ቀን ሙሉ ስትገጣጥም ቆየች። እጥፋቶቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ለይታ፣ ከትክክለኞቹ ሰባት ኩብ፣ ከኔዎቹ ሁለት ኩብ አወጣች፤ የኔዎቹ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉና። የተረፉት ስድስት ናቸው፤ ሦስት ከዚያ፣ ሦስት ከዚህ። ተጨማሪ ወረቀት ብትጠይቅ የለም ተባለች። በግድ ወሸቀቻቸው። ይህ አሥረኛው ኩብ ላዩ ላይ ፲ ተጽፎበት ተሰቀለ።

ለበዓሉ ልምምድ ከደብረ ማርቆስ የክብር እንግዳ መጣ። የክረምቱ እርጥበት ከሐይቁ ተነሥቶ አዳራሹ ውስጥ ገብቷል፤ ወረቀቱ ሁሉ ልፍስፍስ ብሏል። ሰውዬው «አሥሩ የትግል ዓመታት!» ብሎ እጁን ሲያነሣ አሥረኛው ዓመት ተፈታትቶ አናቱ ላይ ወረደ። ማንም አልሳቀም። ይህም ያስጠላኛል፤ መሳቅ የሚፈራ መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ።

በማግስቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። «ይህ አሻጥር ነው!» አለ አንዳርጋቸው ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ማነው?»

የሻሽወርቅ ተነሣች።

«አልገጥም ሲለኝ በግድ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። ስለ እጥፋቱ፣ ስለ አሥራ አምስቱ፣ ምንም አላለች። ቆማ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ተቀመጠች።

አንዳርጋቸው ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ አምሐ፣ አብረሃት ሠርተሃል። ሂስ የለህም?»

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ብል ምን ነበረበት? ተነሣሁና «ጓዲት የሻሽወርቅ በሥራዋ ላይ ቸልተኝነት አሳይታለች» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። አንዳርጋቸው በዚያ በሚልሰው ጣቱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩለት።

የየሻሽወርቅ የድጋፍ ደብዳቤ ለአንድ ወር ታገደ። እኔ «ጤናማ ሂስ» በመስጠቴ የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ጸሐፊ ተደረግኩ። ከዚያ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የምፈርመው እኔ ነኝ። እገዳዋን ላነሣላት እችል ነበር? አልጠየቅኩም። በኮሪደር ስትመጣ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር።

ወሩ በሞላ በሁለተኛው ቀን ቢሮዬ ገባች። ደብዳቤዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ዓይኗን ላለማየት ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀርኩ፣

«እናትሽ እንዴት ሆኑ?» አልኳት።

«ትናንት ሰው መጥቶ ተረዳሁ» አለች። «ከተቀበረች አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። እስከ መጨረሻው በር በሩን ታይ ነበር አሉኝ። ለአርባዋ እንኳ ልድረስ ብዬ ነው።»

ቀና ስል ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ፈረምኩ።

ደብዳቤዋን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ጋሼ አምሐ፣ የእርስዎን እጥፋቶች ገና ስገጣጥም ነው ያወቅኋቸው። ስብሰባው ላይ ቀድሜ የተነሣሁት፣ ብቻዎን መነሣት እንዳይከብድዎ ብዬ ነበር።»

ወጣች። እኔም እስክሪብቶዬን አነሣሁና ውጪ ተራ የሚጠብቀውን ሰው «ግባ» አልኩት።