ዘበኛው ለምን ረዘመ

ልጅቷ አውራ ጣቷን በእሾሆቹ መሀል አሾልካ የቁልቋሉን ግርጌ ስትጫን እናቷ ከኋላዋ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ጠዋት ደውላ "የአባትሽ ቁልቋል ሊሞትብኝ ነው፣ ቶሎ ድረሽ" ስላለቻት ነው ከምትሠራበት ችግኝ ጣቢያ አስፈቅዳ እየተጣደፈች የመጣችው። የስልኳን መብራት አብርታ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ ቡናማ የሆነውን ቅርፊት ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገችው። ጠንካራ ነው። ጣቷን አሸተተችው። ከአፈር በቀር ምንም አይሸትም።

"በረኪና በነካ ጨርቅ ፈትጌ ፈትጌ አልለቅ አለኝ" አለች እናቷ።

"እንኳንም አልለቀቀልሽ። ይሄ በሽታ አይደለም፣ እማ። እርጅና ነው። ዕድሜው ሲገፋ ከታች ጀምሮ እንደ ዛፍ ቅርፊት ያወጣል። ቢበሰብስ ኖሮ ጣቴ ሰርጎ ይገባ ነበር፣ ውሃ ያዣል፣ ይሸታል። በረኪናውን ግን ተይለት።"

እናቷ እፎይ ብላ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ቁልቋሉን "ዘበኛው" ብሎ የሰየመው አባቷ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበረ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ቀን ይበዛል፤ እናም "እኔ በሌለሁበት ቤቱን የሚጠብቅ አንድ እሾሃም ሰው ያስፈልጋል" እያለ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስቅ ነበር። መስኮቱ ሥር ያቆመው እሱ፣ ውሃ በስስት የሚያጠጣው እሱ፣ ቤት በዋለ ቀን ደግሞ ወዲህ ወዲያ እንዳይወላገድ ብሎ ሸክላውን ትንሽ ዞር የሚያደርገው እሱ ነበር። ከዘበኛው ጎን የእናቷ የስፌት መኪና ነበረች። ብርሃኑን የሚሻሙ ሁለት ጎረቤቶች ይመስሉ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ግን ሳሎኑ ተዘጋ። እናቷ ወፍራሙን መጋረጃ ጋርዳ፣ መኪናዋን አንሶላ አልብሳ፣ ኑሮዋን ወደ ወጥ ቤት አዞረች። ልጅቷም ስትመጣ ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ወጥ ቤት አውርታ፣ ከዚያው ትመለሳለች። ከዚያ ወዲህ ዘበኛውን ቀርባ ስታየው የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

ከግርጌው ተነስታ መብራቱን ወደ ላይ ስታደርገው ክው አለች። ከክንዷ የሚወፍረው ግንድ ወገቧ ጋ ሲደርስ እንደ አንገት ጥብብ ይልና፣ ከዚያ በላይ ጣት የማይሞላ፣ ቢጫ ሊሆን ምንም ያልቀረው ነገር ተመዞ ወጥቷል። እሾሁ ፀጉር አክሏል። መጋረጃው ሳይገጥም ወደቀረበት ጠባብ ክፍተት ተንጋዶ ሊወድቅ ሲል፣ እናቷ በመጥረጊያ እንጨት ደግፋ፣ በቀሚስ ጥብጣብ አስራዋለች። አስተሳሰሯ መቼም የልብስ ሰፊ ነው፤ ቢራቢሮ የመሰለ ቋጠሮ አለው።

ይሄኔ የፎቁ ጎረቤት፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የምርመራውን ውጤት ልትሰማ ዱቄት ያረፈበት ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ገባች። ደህና ነው መባሉን ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። "እኔስ ምን ብዬ ነበር? ሰውዬው በነበሩ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተመዘዘም። የእናትሽ እጅ ነው እኮ" አለችና ቁመቱን በዓይኗ ለካች። እናቷም ሐዘኗን ለአፍታ ረስታ ደረቷን ነፋ አደረገች።

ልጅቷ መሄድ ትችል ነበር። የምሥራቹን አብስራለች፣ ከሥራ ያስፈቀደችው ሰዓትም እያለቀ ነው። ታላቅ ወንድሟም ቢሆን መንገድ ላይ ሳለች ደውሎ፣ የምትለውን ሁሉ እሺ በያት፣ አታስከፊያት ብሎ አደራ ብሏታል። እሱ እንደሆነ ማባበል ይችልበታል። ግን ያ አንገት ትንሽ ከከበደው ቀንጠስ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ቀን እናቷን ማን ያባብላታል? ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው።

"እማ፣ የታመመው ከላይ ነው።"

"ከላይማ እያደገ ነው።"

"ብርሃን ሲያጣ ነው እንዲህ የሚሆነው። ያለችውን ጉልበት ሁሉ ቁመት ላይ አፍስሶ ብርሃን ይፈልጋል። መወፈሪያ አይተርፈውም። ቀለሙን እዪው፣ እሾሁን እዪው። ይሄ እድገት አይደለም።"

ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ ውስጥ የከተተችው ነገር ድንገት ትዝ አላትና ውልቅ ብላ ወጣች።

"እኔ ነኝ ያሳመምኩት በይኛ" አለች እናቷ ፊቷን ቋጥራ። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "አባትሽ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ወደፊት የሄደ ነገር ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አየዋለሁ። ዛሬም ጨምሯል እላለሁ። እሱንም ውሸት ነው ልትይኝ ነው የመጣሽው?"

ወንድሟ ቢሆን እዚህ ላይ እናቱን አቅፎ ነገሩን ያድበሰብስ ነበር። እሷ ግን እናቷን እጇን ይዛ አስነሳቻት።

"እኔን አትመኚኝ። ጨርቅ ሲሳሳ ከአንቺ እጅ አያመልጥም፤ አንቺው ዳኚው።"

የእናቷን ጣቶች በእሾሆቹ መሀል አሳልፋ ወፍራሙ ግንድ ላይ አሳረፈቻቸው። እናቷ ጫን አደረገችው፤ አልበገር አላት። ጣቶቿ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። አንገቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካለፉም በኋላ ተመልሰው መጡ። ቀጭኑን ትንሽ ጫን ብትለው ልምጥ አለ።

"እዚህ ጋ ሲደርስ ነው አባትሽ የሄደው" አለች በመጨረሻ፣ ጣቷ አንገቱ ላይ እንዳለ። "መጋረጃውን የዘጋሁት የዚያን ዕለት ነው።"

እናት አለቀሰች፤ ልጅቷም አብራት አለቀሰች። ሁለቱም ስለ አባት በአንድ ላይ ሲያለቅሱ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ለየብቻ ሲደባበቁ ነው የከረሙት።

እናቷ እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ጠርጋ ለዘበኛው ምን እንደሚደረግለት ጠየቀች። ልጅቷ አልደበቀቻትም። ብርሃን ቢያገኝም ቀጭኑ መልሶ አይወፍርም፤ ከአንገቱ በታች ይቆረጣል፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ውሃ አይነካውም፣ ከዚያ በጎኑ ያቆጠቁጣል። መሀሉ ላይ ቡናማ ነገር ከተገኘ ግን ውስጥ ውስጡን በስብሷል ማለት ነው፤ ያኔ ተስፋ አትሰጣትም።

እናቷ ቢላውን ራሷ አመጣች፣ አልኮል አፍስሳ ወለወለችው። ጥብጣቡን ፈታች፣ ጫፉንም በፎጣ ጠቅልላ ያዘች።

"ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ ብዙ እንዳትነኪብኝ። ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ነው። የእኔን ቁረጪ።"

ልጅቷ ከአንገቱ ዝቅ ብላ በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። ሁለቱም በመብራቱ ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ነጥብ የምታህል ቡናማ እንኳ የለውም።

"ንጹሕ ነው" አለች ልጅቷ።

ከዚያ እጇን ወደ መጋረጃው ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው። ጨለማ የለመደ ተክል በአንድ ጊዜ ፀሐይ ቢመታው እንደሚቃጠል፣ ብርሃኑን ትንሽ በትንሽ ማልመድ እንደሚያስፈልግ አስረዳቻት። እናቷ ወፍራሙን መጋረጃ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው።

"ስስ ጨርቅ ቢሆንስ? እያጣራ የሚያሳልፍ?"

"እሱ ከተገኘማ ምን እንፈልጋለን።"

እናቷ አንሶላውን ከስፌት መኪናዋ ላይ ገፈፈችው። አቧራው ሁለቱንም አስነጠሳቸው። ከመሳቢያው የልብስ መለኪያ ሜትሯን አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ ወንበር ጎትታ፣ ልጇን ያዢልኝ ብላ ወጣችበት። ሜትሩን መስኮቱ ላይ ዘርግታ ዓይኗን አጥብባ አየች። አልሆነላትም።

"መጋረጃውን ገለጥ አድርጊው፣ ቁጥሩ አይታየኝም።"

ልጅቷ ስንዝር የምታህል ገለጠች።

"ጨምሪ።"

"ዘበኛውስ?"

"ዘበኛውን ወደ ጥግ አስጠጊው፤ እሱ ቀስ ብሎ ይለምዳል" አለች እናቷ ከወንበሩ ላይ ሆና። "እኔ ነኝ ማየት ያቃተኝ።"