አምሳሉ ለባቡሩ መሰከረ

ሰው ለብረት ብሎ በገዛ ልጁ ላይ በሐሰት ይመሰክራል? አምሳሉ መሰከረ። ያውም ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በአደባባይ!

ባሕር ማዶ፣ ሜድስቶን በሚባል ሰፈር ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ አሜሪካኖች በፈረንጆቹ አምሳዎቹ ዓመታት የሠሩት የጭነት ባቡር ሎኮሞቲቭ ቆሟል። የአሮጌ ባቡር ወዳጆች ማኅበር ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን እያስነሳ ያሞቀዋል። የናፍጣው ጭስ ሌላ መሄጃ ያጣ ይመስል የሚገባው በትንሿ ልጃቸው በትሕትና መስኮት ነው። ልጅቷ አስም አለባት። ባለፈው ወር አፍኗት በአምቡላንስ ስትወሰድ አባቷ ራሱ አብሯት ሄዷል።

ግን ምን ዋጋ አለው! ድሬዳዋ ለገሃር ያደገ ሰው፣ ባቡር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። የማኅበሩ ሰዎች የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጡሩምባውን ካስነፉት ወዲህማ ጨርሶ የእነሱ ሆነ። ጎረቤቶች ባቡሩ ከዚህ ይወሰድልን ብለው ስብሰባ ሲያስጠሩ ሚስቱ አዜብ የሥራ ሺፍት ላይ ነበረች። እሱ ሆዬ ተነስቶ፣ «የእኔ ልጅ አጠገቡ ነው የምትተኛው፤ ምንም አልሆነችም» አለ። ባቡሩም ባለበት ይቆይ ተባለ።

አዜብ ይህን ከጎረቤት ስትሰማ ደሟ ፈላ። ልብሱን በፌስታል ጠቅጥቃ በር ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ወንድሙ ቤት ገባና ሽማግሌ ላከ።

ጋሼ ገብረመድኅን አምሳሉንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቅዳሜ ጠዋት መጡ። አዜብ ሳሎን አላስቀመጠቻቸውም። የልጅቷ ክፍል ውስጥ ወንበር ደርድራ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጋሼ ስለ ትዳርና ስለ ትዕግሥት መምከር ጀምረው ብዙም ሳይቆዩ ከአጥሩ ማዶ ሞተሩ ተነሳ። ጭሱ ገባ። ጋሼን ሳል አጣደፋቸው፤ መስኮቱን ሊዘጉ ተነሱ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለች አዜብ። «ምንም አያደርግዎትም። ባሌ መስክሯል።»

ለካ አምሳሉ ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው፣ ሚስቴን ባቡር መውደዴ አናደዳት ብሎ ብቻ ነው። አዜብ የልጅቷን ሕመምና እሱ ስብሰባው ላይ ያለውን ስትነግራቸው ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የበደልከው ሚስትህን ብቻ መሰለህ?» አሉት። «ልጅቷን ጥራ።»

ትሕትና የአስም መድኃኒት የምትስብበትን ፓፈሯን እንደያዘች ከሳሎን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቷን ትኩር ብላ አይታ፣ በእንግሊዝኛ፣ እውነት ስለ እኔ «ምንም አልሆነችም» ብለሃል ወይ አለችው።

አምሳሉ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ጭሱ ያመጣው ሳል ቀደመው።