ወደ ገሞራ የተጠራችው ልጅ

መሪጌታ ወልደ ኪዳን ልጃቸውን ወደ ገሞራ እንደማይልኩ ለቢቸና ሰው ሁሉ አሳወቁ።

ጸደንያ የምትሄደው ግን ወደ አይስላንድ ነበር። ከምድር እንፋሎት መብራት ማመንጨትን ስድስት ወር እንድትማር መሥሪያ ቤቷ መርጧት፣ ቅጹን እስከ ዓርብ ሞልታ መላክ አለባት። ያለ አባቷ ምርቃት ደግሞ የትም ሄዳ አታውቅም። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ አገሩ ምን ዓይነት ነው ሲሏት፣ "ደሴት ነው አባባ፤ እሳተ ገሞራ የሠራው" አለቻቸው።

"የሰዶም ጎረቤት?"

"ስሙ ነው እንጂ…"

"ስሙን እኔ አላወጣሁት። በሚያዝያ ጭሱ አውሮፕላን አግዶ የለም? በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እግዜር ገና አልታረቃቸውም።"

ሐሙስ ዕለት ነገሩን እንዲዳኙ የኔታ ገብረ ሕይወት ከሞጣ በአውቶቡስ መጡ። ከአባቷ ጋር ዐርባ ዓመት የቅኔ ወዳጆች ናቸው፤ በዐርባ ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

"እሳቱ ከየት ነው የሚመጣው፣ ልጄ?"

"ከምድር ሥር ነው፣ የኔታ።"

"በቃ። የገሞራው ከሰማይ ነው የዘነበው። ይህ ሌላ ነው።"

"ከሥር ከሆነማ ሲኦል ነው" አሉ አባቷ። "ከገሞራ አወጣሃት ስል፣ ጭራሽ ይዘሃት ወረድህ።"

ጸደንያ በሌላ በኩል ሞከረች። አገሩ ሰው ከሰፈረበት ገና ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው አለች። አባቷ "ልጆች ናቸዋ" ብለው ትንሽ አዘኑላቸው። በትኩሱ አፈር ሊጥ ቀብረው በማግሥቱ ዳቦ እንደሚያወጡ ነገረቻቸው፤ ሁለቱም አማተቡ። በመጨረሻ፣ "ፍል ውኃም ይፈልቃል፤ በብርድ ሳይቀር ይጠመቁበታል" አለች። ይታጠቡበታል ልትል ነበር።

አባቷ ቀና አሉ። "ጠበል አላቸው? የማን ነው?"

የማንም አይደለም ካለች ቀረች። አባቷን ደግሞ ዋሽታ አታውቅም።

"ገና አልተሰየመም" አለች።

"ሺህ ዓመት ሙሉ?"

"እሳት ካለበት የገብርኤል ነው" አሉ የኔታ።

"አንተ ምን አገባህ? የሚካኤል ነው።"

እስከ ማታ ተከራከሩ፤ ሄዶ አይቶ የሚፈርድ ሰው ግን አጡ። ዓርብ ጧት መሪጌታ ልጃቸውን መረቁና ቅጹን እስክትሞላ ከአጠገቧ ቆሙ። "የጉዞው ዓላማ" በሚለው ፊት "ትምህርት" ብላ ጻፈች። አባቷ አልተነቃነቁም።

"እና የጠበል ጉዳይ" ብላ ጨመረችበት።