ያሳጠርኩት ሰውዬ

አያቴ አባባ ገብረ ጻድቅ በከተማችን በጎረቤላ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በስልኬ የአሜሪካ የፖለቲካ ክርክር እከፍትና እተረጉምላቸዋለሁ። ከሳቸው ጋር ለብቻችን የምንቀመጠው ያኔ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ሁለት ተንታኞች በንግግሩ ምክንያት ከቴሌቪዥን ስለተባረረ አቅራቢ ይከራከራሉ። "ማንም አፉ መዘጋት የለበትም" የሚለውን ተንታኝ ስለምደግፈው፣ አንድም ቃል አላስቀረሁበትም። ሌላኛውን ግን "ደግ አደረጉ ይላል" ብዬ አለፍኩት።

አባባ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፣ "አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አውርቶ የነገርከኝ ይቺን ብቻ ነው?" አሉኝ።

"አባባ፣ እሱ እኮ ወገንተኛ ነው!"

"ያኛውስ ወገን የለውም? እኔ አንዱን ብቻ ሰምቼ ብፈርድ ማን ደጄን ይረግጣል? አሁን አንተን እንዴት ልመንህ?"

ቪዲዮውን ወደኋላ መለስኩትና እያቆምኩ እያቆምኩ፣ የሚያናድደኝን ሳይቀር ሰውዬው ያለውን ሁሉ ተረጎምኩላቸው።

እስከ መጨረሻው ሰምተው ሳቁ። "ተሳስቷል። ግን መሳሳቱን አሁን እኔው ራሴ ሰማሁት" አሉ። ከዛ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ "በል፣ ያኛው ምን ብሎ መለሰለት?" አሉኝ።