የጌጡ ቤት መኪና

አዲስ ሶፋ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያወልቅ ዓመታት የሚቀመጥበት ሰው ያናድደኛል። እንግዳ በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ሶፋው ይንኮሻኮሻል፤ ሙቀት ሲሆን ላስቲኩ ከሰው ጭን ጋር ይጣበቃል፤ ባለቤቱ ግን "እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው" ይላል። ለማን ብሎ ነው የሚያስቀምጠው? እንዲህ ያለች ሴት ነኝና፣ ገርጂ ያለው ቴዎፍሎስ አዲሷን መኪናዬን ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶ "እስከዳር፣ ይህቺንማ ዛሬውኑ እናልብሳት" ሲለኝ ሳቄ መጣ።

የቴዎፍሎስ ሥራ ይኸው ነው። እንደ ውሃ የጠራ ስስ ላስቲክ በመኪና ቀለም ላይ ይለጥፋል። ከተለጠፈ በኋላ መኖሩም አይታወቅም። ጠጠር ቢፈናጠር፣ ቅርንጫፍ ቢቧጭር ጉዳቱ ላስቲኩ ላይ ይቀርና ቀለሙ ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። እሱ "ፊልም" ይለዋል፤ እኔ ላስቲክ ነው የምለው። ዋጋው የዋዛ አይደለም፤ ያቅማማሁት ግን በዋጋው አልነበረም።

"መጀመሪያ የት ልትሄጅባት ነው?" አለኝ።

"መንዝ። አባቴ ጋ።"

"በዚያ ጠጠር? አበቃላት በያ። ቀለሟ እኮ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ትንሿን ጭረት ሁሉ ያሳብቃል። አንዴ ከተጫረች በኋላ ብትመጪ ደግሞ እኔም እንደ ዛሬው አላደርግልሽም።"

እውነቱን ነው። መኪናዋ የመጀመሪያዬ ናት፤ የራሴን እንግዶች ላመላልስባት የገዛኋት። ከአሥር ዓመት በላይ የሰው መኪና ነድቻለሁ፤ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓሳ ሳመላለስ ኖሬያለሁ። ጓሳ ከኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በመጣሁ ቁጥር እንግዶቹን አስፈቅጄ ወደ ወላጆቼ ጎራ እላለሁ። አባቴ ጌጡ ከቤት ይወጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የመጣሁባትን መኪና ይዞሯታል።

"የማን ናት?" ይላሉ።

"የድርጅቱ ናት፣ አባባ።"

"ደህና ናት። እግዜር ይጠብቃት" ብለው ይመለሳሉ። እጃቸው ግን ከኋላቸው አይፈታም።

አባቴ ነገርን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። በግ ሲገዙ ጣታቸውን ጸጉሩ ውስጥ ሰድደው ቆዳው ድረስ ይደርሳሉ። ገብስ እፍኝ አድርገው ካልጨበጡት መድረቁን አያምኑም። ወንድሜ ትዕዛዙ ቤት ሲሠራ እያንዳንዱን ቋሚ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ነው የመረቁለት። የሰው ንብረት ግን አይነኩም። ስለዚህ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የነዳኋቸውን መኪኖች አንዱንም ነክተው አያውቁም። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ አባቴ እጃቸውን አሳርፈው "የልጄ ናት" የሚሉባት አንዲት መኪና እንድትኖረኝ ነው። እንግዲህ ያ እጅ ላስቲክ ላይ እንዲያርፍ ላድርግ? አላደርገውም።

"ስመለስ እወስናለሁ" አልኩት ለቴዎፍሎስ። ወደ እርድ የምትነዳ በግ እንዳየ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ዋናውን መንገድ ለቅቄ ጠጠሩ ላይ ስወጣ አነዳዴን ያየ ሰው መንጃ ፈቃዴን ይጠራጠር ነበር። ከፊቴ የጭነት መኪና ካለ ጠጠር እንዳይፈናጠርብኝ ዳር ይዤ እቆማለሁ። አህያ የጫኑ ገበያተኞች ከመሐል ሜዳ ሲመለሱ ቀደሙኝ፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም "ነዳጅ አልቆብሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የቴዎፍሎስ ነገር ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። ጠጠር ቦዲውን ቀጭ ባደረገ ቁጥር የኔ ጥርስ የተነካ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ሰፈራችን ስደርስ ወርጄ ባያት አንድም ጭረት የለባትም።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጌታነሽ የምትባለው ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ አቧራዋን ልትጠርግልኝ ስትል እጇን ያዝኩ። ሰው ሁሉ ዳሰሳት፣ ኮፈኗን መታ መታ አደረጋት፣ በስፖኪዮዋ ፊቱን አየባት። አባቴ መጨረሻ ላይ መጡ። እጃቸው ወደ ኋላ ነው። ዞሯት።

"የማን ናት?"

"የኔ ናት።"

"የድርጅቱ አይደለችም?"

"አይደለችም፣ አባባ። ሊብሬዋ በስሜ ነው።"

አባቴ መኪናዋን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። "እሰይ" አሉ ቀስ ብለው፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ከበጎቹ ጋር ጉዳይ እንዳለው ሰው ወደ ጓሮ ሄዱ። ያን ሁሉ መንገድ ለአንዲት "እሰይ" መምጣቴ ቅስሜን ሰበረው። መንደርተኛው በሙሉ የዳሰሳትን መኪና እሳቸው ብቻ አልነኳትም።

ሲመሻሽ ብርዱ በረታ። እናቴ አረጋሽ ከሣጥን ባና አውጥታ ብቅ አለች። "ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል፣ ይህን ጣል አድርጊባት" አለችኝ። በእጇ የፈተለችው ወፍራም ባና ነው፤ ለክቡር እንግዳ ካልሆነ አይወጣም።

"አይሆንም፣ እማዬ። ሱፍ ውስጥ አሸዋ አይጠፋም፣ ይቧጭርብኛል።"

ደጃፍ የተቀመጡት አባቴ ቀና አሉ። "ትቧጨራለች እንዴ? ብረት አይደለችም?"

"ብረቷማ ከሥር ነው። ቀለሟ በጥፍርም ይጫራል።"

"በጥፍርም?" አሉ አባቴ። እኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልጣፍኩትም።

በማግስቱ ጠዋት እኔና እናቴ ለቅሶ ለመድረስ ወጣን። ቤቱ ገደል ማዶ ነው፣ መኪና አይደርስም። አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀሩ። እኩለ ቀን ላይ ስንመለስ ከሩቅ ፀሐይ መኪናዬ ላይ ስታንጸባርቅ አየሁና ልቤ ሞቀ። ጠጋ ስል ግን በሾፌሩ በር ላይ፣ ከስፖኪዮው ዝቅ ብሎ፣ ሦስት መስመሮች አየሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ሦስተኛው ከሥራቸው ተጋድሟል። የማንም ጥፍር አልነበረም። በቢላዋ ጫፍ፣ ቀስ ተብሎ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ተቆርጧል።

"ማነው እንዲህ ያደረገኝ?" ብዬ ጮህኩ። ጌታነሽ ከቤቷ ወጣች። የመንደሩን ሰው ባንድ ጊዜ በዓይኔ ከሰስኩት።

"ምን ሆንሽ?" አሉ አባቴ ከውስጥ ሲወጡ። "እኔ ነኝ እንጂ።"

እሳቸው ወደ መኪናዋ ቀረቡና በጋቢያቸው ጫፍ የቀረውን የቀለም ብናኝ ጠረግ አደረጉ። "ግራ ጆሮዋ የት እንደሆነ ስፈልግ ቆየሁ። ይቺ ጎላ ያለችው ትሆናለች ብዬ ከሥሯ አሳረፍኩት" አሉ፤ ስፖኪዮውን ማለታቸው ነው። "እጄ እንዳይንቀጠቀጥብኝ በሩ ላይ ደገፍ ብዬ ነው የሠራሁት። ቀጥ ብሏል፣ አይደል?"

ቀጥ ብሏል። ምልክቱንም አውቀዋለሁ፤ በዚያ አገር የማያውቀው የለም። በቤታችን በጎች ሁሉ ግራ ጆሮ ላይ ያለው ብጣት ነው። በቀንበሩ፣ በመንሹ፣ በጎተራው መክደኛም ላይ አለ። በጎቻችን ግጦሽ ላይ ከሰው በግ ጋር ተቀላቅለው ውለው ማታ የሚለዩት በዚያ ብጣት ነው።

"አባባ፣ መኪና እኮ በግ አይደለችም" አልኩ።

"አዲስ አበባ ስንት መኪና አለ?"

"ቁጥር ስፍር የለውም።"

"እሱን ነው የምልሽ። ከዚያ ሁሉ ጋር ተቀላቅላ ስትውል በምን ትለያታለሽ?"

"ታርጋ አላት።"

"ታርጋውማ የመንግሥት ነው። የሰጠ እጅ ይፈታዋል። ይኼ ግን የኛ ነው።" ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ምልክቱ ላይ አደረጉ። እጃቸው እዚያው ቆየ። ፊቴን አዩና ደግሞ ተጠራጠሩ። "አበላሸሁብሽ እንዴ?"

ምን ልበላቸው? ቀለሟ ተበላሽቷል። አሥር ዓመት የጠበቅኩት እጅ ደግሞ ይኸው አርፎባታል፤ የመጣው ቢላዋ ይዞ ነው እንጂ። "አላበላሹም" አልኩና መኖ ማየት ያለብኝ ይመስል ወደ በጎቹ ጋጣ ሄድኩ።

እናቴ ተከትላኝ መጣች። እኔ ነኝ የጀመርኩት። "ቢያንስ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?"

"ትዕዛዙንም ጠይቀውት አያውቁም" አለች። "የራስ ቤት የሆነውን ማን ይጠይቃል? ይልቅ አንቺ የምታውቂው አልመሰለኝም። ክርስትና ስትነሺ እናቴ የሰጠችሽ ግልገል ነበረች። አባትሽ ብጣቱን አላሳረፉባትም። ሴት ልጅ ነገ ወደ ሰው ቤት ትሄዳለች፣ ከብቷም የዚያ ቤት ምልክት ይጠብቀዋል አሉ። የእኅቶቻቸውም ከብት ላይ አልተደረገም። በዚህ ቤት ለሴት ልጅ ተደርጎ አያውቅም።" ድርቆሹን በእግሯ ገፋ ገፋ አደረገችው። "ጠዋት ገና ሳንወጣ ቢላዋ ሲስሉ አይቻቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው።"

እዚያው ጋጣው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። የተጫረችው መኪናዬም እያንገበገበችኝ፣ ደግሞ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሁለቱም ባንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም። ስመለስ አባቴ አሁንም መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው "የእስከዳር ናት፣ የልጄ" ይላሉ።

አዲስ አበባ ስመለስ በቀጥታ ገርጂ ሄድኩ። ቴዎፍሎስ በሩን ሲያይ መዳፉን አፉ ላይ ጫነ።

"ማን ነው እንዲህ የጨከነብሽ?"

"አባቴ ናቸው።"

ቀልድ መስሎት ጠበቀኝ። አለመሳቄን ሲያይ ወደ ሥራው ገባ። "ግዴለም፣ መላ አለው። ስቱኮ እንሞላዋለን፣ በሩን እንቀባዋለን፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ፊልም እናልብሳታለን። ማንም እንዳይለየው አድርጌ ነው የምመልስልሽ። መኪናሽን ለሚከራዩ እንግዶችም ቢሆን መልኳ ነው ዋናው።"

መኪናዋን ዞርኳት። አሁን እጄን ወደ ኋላ ያጣመርኩት እኔ ነኝ። እንደተባለው ቢሆን መኪናዬ ያቺው አንጸባራቂ መኪና ትሆናለች፤ ማንም ምንም አይጠይቀኝም፤ መንገድ ዳር ቆሜ የጭነት መኪና አላሳልፍም። በሕልሜ ያየኋት መኪና ያቺ ስለነበረች እሷን መተው ቀላል አልሆነልኝም።

"ምልክቱን እንዳለ ትተን ላስቲኩን ከላዩ ብናደርገውስ?" አልኩ።

"እንዳለ? ታሽጎ ይቀራላ። መኪናዋ እስካለች አይጠፋልሽም።"

"ዝገትስ?"

"መጀመሪያ ብረቱን በቫርኒሽ እዘጋዋለሁ። ውሃ አይገባውም።"

"እንደሱ አድርገው።"

ቴዎፍሎስ ጉንጩን አሸ። "ሌላውስ ቦዲ?"

"ሌላው ይቅር። ምልክቷን ብቻ አልብስልኝ።"

"እስከዳር፣ ሰው እኮ ፊልም የሚያስለጥፈው ጭረት እንዳይኖር ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

በሩ ላይ ሁለት መዳፍ የምታህል ላስቲክ ለጠፈልኝ። ጎንበስ ብለው ካላዩት አይታወቅም። የተረፈው ቀለሟ እንደ ልቡ እንዲሆንበት ለጠጠሩ ተሰጠ። አሁን ኮፈኗ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው፣ ፓራፋንጎዋ ላይ ግራር የሳለው ረጅም ጭረት አለ፣ እኔም ለጭነት መኪና መንገድ አልለቅም። ሦስቱ መስመሮች ግን ቢላዋው እንደተዋቸው ናቸው።

ባለፈው ኅዳር እንግዶች ይዤ ጓሳ ወጣሁ። እንግዶቹ ጭላዳ ሊያዩ ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወርዱ እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ካፖርት የለበሱ የማላውቃቸው ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡና ሊያልፉኝ ሲሉ በመኪናዬ በር አጠገብ ቀጥ አሉ። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይቺ የጌጡ ቤት ናት" አሉ።

መስታወቱን አወረድኩ። "አዎ፣ ጌታዬ።"

"ነጂ ቀጥሮባት ነው?"

"አልቀጠሩም" አልኳቸው። "መኪናዋ የኔ ናት። እኔም የጌጡ ቤት ነኝ።"